ከፈረሰ በኋላ የደረስሁበት የገና ገበያ

ዘንድሮ፣ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ቀን፣ ጾሙ በተፈታበት ዕለት ከቀትር በኋላ፣ ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው በአዲሰን ከተማ በሚገኘው በአክስቴ ልጅ በትርሲት ቤት፣ በልጆቿ፣ በአማቶቿና በመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ፊት በደል ተፈጽሞብኛል። በደሉን የፈጸመችው ራሷ ትርሲት ናት። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ በቀኝ እጇ ወደ እኔ እያመለከተች፣ ቃል በቃል እንዲህ አለች፦

«ይቺ ዶክተራችን በወጣትነቷ ምን እንደሠራች ነግሬያችኋለሁ? ክሪስማስ ማርኬት አያለሁ ብላ ከሚኔሶታ እዚህ ድረስ በረረች፤ ማለቴ፣ ማርኬቱ ተነቃቅሎ ካለቀ በኋላ! ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብባ፣ የፈረንጅ ገና ከእኛ እንደሚቀድም የሚነግራት ሰው ጠፋ!»

ሳቁ ረጅም ነበር። እዚሁ ዳላስ የተወለደው የመጨረሻ ልጇ ናትናኤል ዓይኑን እያበሰ፣ «አንቲ፣ ሲሪየስሊ? ጉግል አላደረግሽም?» አለኝ።

«እናንተ ጉግልን የምትጠይቁትን በዚያን ጊዜ እኛ እናትህን ነበር የምንጠይቀው» አልሁት።

እሱም ሳቀ፤ እናቱም ሳቀች። እኔ ግን ያልሁት ቀልድ አልነበረም።

ሙያዬ የማስረጃ ሕግ ማስተማር ነው። ተማሪዎቼን ከማስጠነቅቃቸው ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜ የተደገመ ቃል ከተፈጸመው ነገር ይልቅ እውነት መስሎ እንደሚታይ ነው። ይህ ታሪክ በቤተ ዘመዱ መካከል ከሃያ ዓመት በላይ ሲደጋገም ኖሯል። አሁን ባለጉዳይዋ ራሷ ምስክር ሆና ስለቀረበች፣ የሆነውን እንደሆነው የማስፈርበት ጊዜ ደርሷል።

ትርሲትና እኔ ያደግነው አዲስ አበባ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ቤት ነው። ትምህርት ቤት በአንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል፤ በሒሳብ እሷ ትበልጠኝ ነበር፣ በሌላው እኔ እበልጣት ነበር። እኔ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ሚኔሶታ ሄድሁ፤ እሷ ሎተሪ ደርሷት ወደ ዳላስ መጣች። እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ ልጇ አሜሪካ ባንክ ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ እንደምትሠራ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራ ነበር። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበር።

በዚያ ዓመት ከኅዳር ጀምሮ ስልክ በደወለች ቁጥር የምታወራኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ስለ ገና ገበያው። የእንጨት ጎጆዎች በረድፍ ይሠራሉ፤ በየጎጆው የዝንጅብል ብስኩት፣ ከእንጨት የተፈለፈሉ መላእክት፣ የሚጨስ ቋሊማ፣ በመዳብ ድስት በስኳር የሚቆላ፣ አልሞንድ የሚሉት ለውዝ ይሸጣል። የአልሞንዱን ነገር ስታወራ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። ስኳሩ መጀመሪያ እንደ አሸዋ ደርቆ ኋላ እንደሚቀልጥ፣ ቀረፋው ቀድሞ ከገባ እንደሚመርር፣ ነፋስ ከሰሜን በኩል ሲነፍስ እሳቱ እንዴት እንደሚያስቸግር ትነግረኛለች። ሚኔሶታ በረዶው እስከ መስኮቴ ደረጃ ደርሶ፣ የምስር ሾርባዬን እያማሰልሁ ስሰማት ሽታው ይመጣብኝ ነበር። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስለ እሳቱ አመል ይህን ያህል ከየት አወቀች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

ትምህርት እንደተዘጋ፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ሰሞን ልምጣ ብዬ ነገርኋት።

«አይ፣ አሁን አትምጪ፤ ግርግር ነው» አለች። «ለእኛ ገና ነይ። አብረን እንፈታለን፤ ማርኬቱንም ታዪዋለሽ።»

«እስከዚያ ይቆያል?»

«ይኼኛው እኮ ትራዲሽናል ነው። እስከ ጥምቀታቸው ድረስ አይዘጉትም።»

በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በዓሉ እስከ ጥምቀታቸው እንደሚዘልቅ አንብቤ ነበር። ስለዚህ አመንኋት። የተማረ ሰው በማያውቀው ነገር ይጠነቀቃል፤ የሚታለለው በሚያውቀው ነገር ነው።

ኤርፖርት የተቀበለችኝ ከጋሽ መኰንን ጋር ነበር። ጋሽ መኰንን ከዳላስ በስተሰሜን፣ ሌዊስቪል በምትባለው ከተማ፣ ከእሷ ቤት በታች ያለው አፓርታማ ውስጥ የሚኖሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ሰላሌ ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ፀሐዩ እንደ ጥቅምት ፀሐይ ነበር፤ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል። የእኔ ካፖርት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል።

«ልጄ፣ ይኼን ፍራሽ ለብሰሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ ጋሽ መኰንን ሻንጣዬን እየተቀበሉ።

«ይሳቁ፣ ግድ የለም» አልኋቸው። በማግሥቱ ጧት የሰሜኑ ነፋስ ገባ፤ የመኪናው በር በስስ በረዶ ተጣብቆ አልከፈት አለ። ጋሽ መኰንን በሹራብ ብቻ ቆመው ካፖርቴን በቅናት ሲያዩት አስታውሳለሁ። የቴክሳስ ክረምት እንዲህ ነው፤ ሲያሾፍብህ ይውልና ማታ ይክሳል፣ ወይም የዚህ ግልባጭ ነው።

የትርሲት መኪና ተበላሽታ ስለነበር በዚያ ዕለት ጋሽ መኰንን ዳላስ መሐል ከተማ ወዳለው ገበያ ወሰዱን። ቦታው አንድ መናፈሻ ነው። ቢጫ ከሆነው ሣር በስተቀር ምንም አልነበረም፤ ጎጆዎቹ የቆሙበት ቦታ ሣሩ ላይ አራት ማዕዘን ጠባሳ ትቷል። አንድ ሰው የመብራት ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

«ውይ! ዘግተውታል እንዴ?» አለች ትርሲት እጇን አፏ ላይ ጭና።

ይህን ያለችው ጋሽ መኰንን መኪናውን ፓርክ ሳያደርጉ ነው። ከተቀመጠችበት ወንበር መናፈሻው ገና አይታይም ነበር። ይህንንም በዚያን ጊዜ ልብ ብዬ፣ ልብ እንዳላልሁ አለፍሁት።

«አይዟችሁ» አሉ ጋሽ መኰንን። «ከሌዊስቪል አለፍ ብሎ ሌላ አለ። ትናንት ሰው ሳደርስ ጎጆዎቹ ገና አልፈረሱም። ቢያንስ ጣውላውን ታያለች።»

«ኧረ ጋሽዬ፣ ሩቅ ነው። ሶ... ጋዝዎን አይጨርሱ።»

«ከሚኔሶታ ለመጣች ልጅ ሌዊስቪል ሩቅ ነው?»

«ብርድም ነው፤ ጾመኛም ነን።»

«እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ» አሉና መሪውን አዞሩ።

ትርሲት መንገዱን ሁሉ በመስኮት ስታይ ሄደች። ሰፊው መንገድ ላይ ከመኪና በስተቀር ነፍስ አይታይም፤ ሰማዩ ብቻ በዝቶ ዝቅ ብሏል። ያኮረፈችው በእኔ ፊት ስላፈረች መስሎኝ እጇን ያዝሁ። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ሁለተኛው ገበያ በአንድ አሮጌ የባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር። ግማሾቹ ጎጆዎች ፈርሰው ጣውላቸው ተከምሯል፤ የቀሩት በራቸው ተዘግቷል። የጥድ ቅርንጫፍ ተከምሮ ሽታው ከብርዱ ጋር አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሠራተኞቹ ለምሳ ሄደው ቦታው ጭር ብሏል። ከአጥሩ ሥር፣ መንገዱን ያስጌጡ የነበሩ፣ ከእንጨት የተሠሩ ቀይና ነጭ የከረሜላ ዘንጎች ተጋድመው ነበር፤ ቁመታቸው እስከ ወገብ፣ ጫፋቸው ቆልመም ያለ።

ጋሽ መኰንን አንዱን አነሡ። መዘኑት። ቆልማማውን ጫፍ ወደ ታች አዞሩት።

«እናንተ ልጆች» አሉ፣ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ፣ «ይኼ እኮ የገና ዱላ ነው!»

ከቅርንጫፉ ክምር ውስጥ ብርቱካን የምታህል ቀይ የእንጨት ኳስ ፈልገው አወጡ፤ የገና ዛፍ ጌጥ የነበረች ናት። መሬት ላይ አኖሯት። «ይቺ ሩር ናት። እኔ ሰላሌ፤ እናንተ ሸገር። ነይ እንጂ፣ ምሁር!»

«ጋሼ፣ ይወድቃሉ» አለች ትርሲት።

«ሸገር አፍ ብቻ ነው! ዱላ መያዝ የት ታውቁና!»

እኔ ካፖርቴን ሰብስቤ አንድ ዘንግ አነሣሁ። ትርሲትም ትንሽ አመነታችና አነሣች። የሦስታችን ሩጫ ምን እንደሚመስል ለሚያይ ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ የሚያይ ሰው ባለመኖሩ አመሰግናለሁ። ሽማግሌው በጉልበት ሳይሆን በምላስ አሸነፉን። እኔን «የመጽሐፍ ምስጥ» አሉኝ፤ ትርሲትን «ባንኳን ዘግታ የመጣች» አሏት፤ ኳሷን ከእግራችን ሥር ነጥቀው ሲሮጡ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ዛሬ ጌታም የለ፣ ዶክተርም የለ!» እያሉ ይጮኻሉ። ትርሲት ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «በዚያ በኩል! በዚያ በኩል!» ስትለኝ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ። ሩሯ ተፈናጥራ ካልፈረሱት ጎጆዎች አንዱን በር ቋ! አድርጋ መታች።

በሩ ተከፈተ። ነጭ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ቀዩን ኳስ ይዛ ወጣች። እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት፣ አሮጊቷ እኔን አልፋ አየችና ፊቷ በራ።

«ትሬሲ!» አለች።

መጥታ ትርሲትን አቀፈቻት። ሚስ ሂልዳ ትባላለች፤ የአልሞንዱ ጎጆ ባለቤት ናት። በእንግሊዝኛዋ እየተፍለቀለቀች ከኪሷ የገና አባት ረዳቶች የሚያደርጉትን ዓይነት፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ ቃጭል ያለው ባርኔጣ አወጣች። በመጨረሻው ቀን ረስተሽው ሄድሽ፤ እስከ መጪው ዓመት አስቀምጥልሽ ነበር፤ አንቺ በአንድ ወር የሸጥሽልኝን ያህል የሸጠልኝ ሰው የለም፤ እያለች ባርኔጣውን ትርሲት ራስ ላይ አጠለቀችው። ትርሲት አንገቷን ደፋች። ቃጭሏ አቃጨለች።

ጋሽ መኰንን ዘንጋቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

የያዝሁት ማስረጃ ሁሉ አንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘ፤ የእሳቱ አመል፣ የቀረፋው ምሬት፣ መናፈሻው ሳይታይ የመጣው «ውይ»፣ የቀዘቀዘው እጅ። ቀኑን ያሳሳተችኝ አውቃ ነው። ገበያው ሳይዘጋ እንዳልመጣ ያደረገችው፣ በአረንጓዴ ባርኔጣ ቃጭል እያቃጨለች ስትሸጥ እንዳላያት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

«እንድታዪኝ አልፈለግኩም» አለች ቀስ ብላ፣ ቀና ሳትል። «ጧት ጧት ዌርሃውስ ነው የምሠራው፤ ከሰዓት እዚህ። ባንክ የሚባል ነገር የለም። እማዬ ናት ያወራችው፤ እኔም አላስተባበልኩ። አንቺ እዚያ መጽሐፍ ስትጽፊ፣ እኔ... በዚህ ባርኔጣ።»

በአንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ሕመም አለ። ሌላ ሰው ቢያያት ይህን ያህል አያማትም ነበር። ይህ ሲገባኝ ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ።

«የምትሸጪው አልሞንድ ነው?» አልኋት።

«አዎ።»

«አሳዪኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። የማሾፍባት መስሏት ፊቴን መረመረች። እኔ በፊቴ ማሾፍ አልችልበትም፤ ይህን ታውቃለች።

የመዳቡ ድስት ገና አልተነቀለም ነበር። ሚስ ሂልዳ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባት፣ ግን የሆነ ነገር እንደሆነ ገብቷት፣ እሳቱን ለኮሰች። ቋሊማም ብስኩትም ልትሰጠን ቃጥታ ራሷ ተወችው፤ ትርሲት ወሩን ሙሉ ስትጾም ስላየቻት ታውቅ ነበር። ትርሲት ወደ እኔ ዞራ፣ «አልሞንዱ ቅቤ የለውም፤ ውኃ፣ ስኳር፣ ቀረፋ ብቻ ነው። ብይ፤ አትጠራጠሪ» አለች። አሮጊቷ ካቀፈቻት ወዲህ በሙሉ ድምፅ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳም። ባርኔጣውን አላወለቀችም። እጅጌዋን ሰብስባ ረጅሙን የእንጨት መቅዘፊያ ያዘች፤ ስኳሩ አረፋ ሲያወጣ፣ ሲደርቅ፣ መልሶ ሲቀልጥ፣ እጇ አንዴም አልተጣደፈም፣ አንዴም አልዘገየም። ሽታው በጥዱና በብርዱ ላይ ተነጥፎ ባዶውን ሜዳ ሞላው። ወዲያው የመሸጫ ድምፅዋን አወጣች፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በቴክሳስ ቅላፄ፤ ቀጥሎ ለእኔ ብላ በአማርኛ፦ «ትኩስ! ትኩስ! ለጾመኛ የተፈቀደ! ለምሁር ዋጋው እጥፍ!»

«ለእኔስ?» አሉ ጋሽ መኰንን።

«ጥርስ ለሌለው አንሸጥም፣ ጋሽዬ!»

«አንቺ ባለጌ!»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብላ ቃጭሏን ነቀነቀችባቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ የቀሩት ጥርሶቻቸው ሁሉ ታዩ።

ተጠቅልሎ የተሰጠኝን አልሞንድ ጓንቴን አውልቄ በላሁ። ያቃጥል ነበር። በኋላ ዘመን ለስብሰባ በሄድሁባቸው የአውሮፓ ከተሞች ብዙ የገና ገበያ አይቻለሁ፤ መብራታቸው የበራ፣ ሰው የሚጋፋባቸው፣ በእውነተኛው ቀናቸው የተከፈቱ። በጎጆዎቹ መካከል አልፋለሁ፤ አልሞንድ የሚቆሉበት ጋ ስደርስ ግን እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ለእኔ ብቻ የተከፈተ ገበያ አይቻለሁና።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ። «አልናገርም» አልኋት። ጋሽ መኰንንም ሳይጠየቁ፣ «እኔ ዱላ እንጂ ባርኔጣ አላየሁም» አሉ።

የገና ዕለት ሌዊስቪል አፓርታማዋ ውስጥ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ከእንግዶቹ አንዷ ወይዘሮ አስናቀች ነበሩ፤ አዲስ አበባ የአክስቴ የግድግዳ ጎረቤት የነበሩና በዚያው ሳምንት ወደ አገር ቤት የሚበሩ ሴት። እሳቸው የሰሙት ነገር አክስቴ ጆሮ ሳይደርስ አያድርም። እንጀራው ተነጥፎ ትርሲት ወጡን እየዞረች ስታወጣ፣ ወይዘሮ አስናቀች ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«እህስ፣ የፈረንጆቹን ገበያ አየሽ?»

«ተዘግቶ ደረስሁ።»

«ተዘግቶ! ታዲያ ማነው እንዲህ ያለ ቀን የመረጠልሽ? ትርሲት እዚሁ ስትኖር አታውቅም ኖሯል?»

ትርሲት ጭልፋዋን እንደያዘች ቆመች። ከእኔ በቀር ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ጥያቄው ሁለተኛ ጥያቄ እንደሚወልድ፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን እንደሚወልድ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «የእነሱ ገና መቼ እንደሆነ ተምታቶብኝ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «አይ የተማረ ሰው!» አሉ ወይዘሮ አስናቀች በደስታ፤ ወደ አገር ቤት የሚወስዱት ወሬ አገኙ። ጋሽ መኰንን አንድ ጊዜ አዩኝና ወደ ማዕዱ ተመለሱ። ትርሲት እንቁላሉን ፊት ለፊቴ ለማኖር ጎንበስ ስትል፣ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ አንዲት አጭር ነገር አለችኝ። ከእኔ በቀር የሰማ የለም። እዚህም አልጽፈውም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ሥር ሰደደ። በሠርግ፣ በክርስትና፣ አንዴም በለቅሶ ቤት ሲነገር ሰምቻለሁ። አላማረርሁም። ሌሎች ሲያወሩት ትርሲት ሁልጊዜ ተነሥታ ወደ ወጥ ቤት ትገባ ነበር፤ ያ መነሣቷ ለእኔ በቂ ምስጋና ነበር። ዛሬ አዲሰን የራሷ ቢሮ አላት፤ በየቤቱ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሠራተኞች ታስተዳድራለች። አክስቴ ከመሞቷ በፊት መጥታ ልጇን ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ አይታታለች። የሚደበቅ ነገር ከቀረ ብዙ ጊዜ ሆነ። ይህን የምጽፈውም ማንንም ለማሳፈር አይደለም፤ ያቺ ባለ ባርኔጣ ወጣት በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ይልቅ የምታኮራ ነበረች። ወሩም የገና ነው፤ በገና ጨዋታ መቆጣት አይፈቀድም።

በደሉ እንግዲህ ቀልዱ አይደለም። በደሉ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወጥ ቤት አለመግባቷ ነው። ራሷ ተነሥታ፣ ራሷ ተናግራ፣ እያየችኝ ሳቀች። ዓይኗ ውስጥ የፈለግሁትን ነገር አላገኘሁም።

ትርሲትዬ፣ ረስተሽው ከሆነ፣ በሕይወቴ ለሰው ከሰጠሁት ነገር ሁሉ የምወደው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ጠፍቶ ከሆነ ልወቀው። ካልረሳሽው ደግሞ፣ በእኔ ላይ ስንት ዓመት ቢሳቅ ደስ ይለኛል። ጋሽ መኰንን አርፈዋል፤ ሚስ ሂልዳም የለችም። የቀረነው ምስክሮች ሁለት ብቻ ነን። ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ጥያቄ ነው። ሌላ ሰው እንዳይመልስልሽ፣ አንቺም ከዚህ አንብበሽ እንዳትመልሺ፣ መልሱን ከጽሑፉ አውጥቼዋለሁ።

ያን ዕለት እንቁላሉን ፊቴ ስታኖሪ፣ በጆሮዬ ያልሽኝ ምን ነበር? ቃል በቃል፣ በራስሽ ድምፅ፣ ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪኝ።